ሁለቴ «ነይ»፣ አንዴ «ቁሚ»

አባቴ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ሁለቴ «ነይ» ነው፣ አንዴ «ቁሚ»። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ እለቃለሁ፤ አሮጌው የጭነት መኪና አንዴ ይንዘፈዘፍና ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል።

ግቢያችን ጠባብ ነው። ከኋላዬ ግንብ አለ፣ ከግንቡ ማዶ ጎረቤት። አባቴ እንደሚለው ከሁለቱ ግንቡ ይሻላል። ግንቡን ሳልነካ አስጠግቼ ካቆምኩ ነገ ወደ ሜዳው እንወጣለን፤ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ጭነት። እኔ መሪ ላይ፣ እሱ ረዳቴ ሆኖ። ሦስት ወር ሙሉ ያወራነው ይህንኑ ነው።

መኪናው ሁለት ዓመት ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። የቆመው የአባቴ ግራ ዓይን የጠፋ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ነድቶ መንጃ ፈቃዱን ሲመልስ ለጠያቂው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ አንዱ ጎማ ቢተነፍስ ስኮርታ አለኝ። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ሸራውን ገፈፈና ላንቺ አድሰዋለሁ አለ። እናቴ እሷን ሾፌር አድርገህ አንተ ምን ልትሆን ነው አለችው። ረዳት፣ አላት። ዘጠኝ ረዳት ሰድቦ ያባረረ ሰው ነው። እናቴ ይህን ስታስታውሰው ልጄ ትስደበኛ፣ ተራዋ ነው አለ።

አብረን ሠራነው። ብሎኑን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ «የአሥራ ሰባት ቁልፍ» ይላል፣ አይሳሳትም። ዘይቱን አሽትቶ ይፈርድበታል። የብሎኖቹን ዳዶ ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ፣ እጅሽ ይልመድ ብሎ። ከሥር ተኝቶ ዝገት ሲረግፍበት እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ትለዋለች። አፈር አይደለም፣ ዝገት ነው ይላታል። የሾፌሩን ወንበር በያጅ ጠርቶ በኔ እግር ልክ ወደ ፊት አስጠጋው፤ ከእንግዲህ የሱ ጉልበት እዚያ አይገባም።

በሮቹን ግን ራሱ ቀባ። የቀኙ ሰማያዊ ሆነ፣ የግራው አረንጓዴ። እናቴ ባለሱቁ አታለለህ ብላ ሳቀች። አባቴ ብሩሹን እየጠረገ «እንዲለይ ነው» አለ። እኛም ሳቅን፣ ቀልድ መስሎን።

ሁለቴ ይመታል።

በግራ ስፖኪዮ አየዋለሁ። አንድ እጁ መኪናው ላይ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሯል፣ ልክ እንደ ዘጠኙ ረዳቶች። ግንቡ እየቀረበ ነው። መጀመሪያ ስንጥቁ ይታየኛል፣ ቀጥሎ ስንጥቁ ላይ የበቀለችው ሣር። ሣሯ በጭሱ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ፍሬን እረግጣለሁ።

ሁለቴ ይመታል።

«ነይ እንጂ» ይላል። «ሌላ መኪና ይገባል እኮ በዚህ።»

የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ።

«አባዬ፣ ደርሻለሁ።»

«ማን ቁሚ አለሽ?»

ድምፁ የድሮው የሾፌር ድምፅ ነው። ሞተሩን አጠፋለሁ። ስፖኪዮው ውስጥ አባቴ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየተከተለ እስከ ጠርዙ ይሄዳል፤ ሌላ እጁን ግንቡ ሩቅ ያለ ይመስል ወደ ፊት ይሰዳል። ክንዱ ገና ሳይዘረጋ ጣቶቹ ግንቡን ይመቱታል። ይሰበስባቸዋል። ከዚያ እጁን በመኪናውና በግንቡ መካከል ያስገባና በስንዝር ሊለካ ይሞክራል። ስንዝሩ አይሞላም። እንደ ብሎን በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ደግሞ ወዲህ።

በሮቹን አስባለሁ። ዘይቱን። ዳዶዎቹን። ስኮርታ ያላት ዓይኑም መቼ እንደተነፈሰች አላውቅም፤ ሦስት ወር ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ሳቀብል ነበር።

እናቴ ከውስጥ ሆና ነካችው እንዴ ብላ ትጣራለች።

«አልነካሁም» እላለሁ። «አባዬ አስቆመኝ።»

አባቴ ወደኔ አይዞርም። እጁን ከጠባቧ ክፍተት ሳያወጣ፣ በሌላው እጁ የቆመውን መኪና ጎን አንዴ ይመታል።