ሁለት አካፋ

«ሰባ ግራም!» አለ ሎታር፣ ከስኪ ጫማው ያወለቀውን ምላስ እያወዛወዘ። «ይቺን ብቻ አውልቄ ሰባ ግራም ቀነስኩ።»

«አንተ ራስህስ ከገና ወዲህ ስንት ኪሎ ጨመርክ?» አለው ሩፐርት።

«እሱ ጡንቻ ነው።»

«ጡንቻ ሆዱ ላይ የወጣለት ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው።»

ሦስቱም ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ከላም ጠባቂዎቹ ጎጆ ግድግዳ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጎጆው የሚከፈተው በበጋ፣ ላሞቹ ወደ ተራራው ሲወጡ ነው። አሁን በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ስኪዎቻቸው፣ ረጃጅሞቹ የበረዶ መንሸራተቻዎች፣ በረዶው ላይ ተተክለው ቆመዋል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው የተለጠፈው ፀጉራም ጨርቅ ፀሐይ ይሞቃል። የተራራው ጫፍ ገና ሩቅ ነው።

የሩፐርት ሚስት ቡርጊ ጭንቅላቷን ከግድግዳው እንጨት አስደግፋ ዓይኖቿን ጨፍናለች። የጀመረችው ዳቦ እጇ ላይ ቀርቷል።

«ቡርጊ፣ ባልሽን አንድ በይው እንጂ!» አለ ሎታር። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ድሮ ቢሆን በእንዲህ ያለ ወሬ ሁለቱንም አፍ የምታስይዘው እሷ ነበረች።

«እም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሩፐርት ደስ ብሎታል። ከሁለት ክረምት በፊት ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ልቡን ሲሠሩለት፣ ከእንግዲህ ተራራ የሚባል ነገር አበቃለት ብሎ ያላሰበ አልነበረም። ዘንድሮ ግን የወጡትን ሁሉ አብሮ ወጥቷል።

«እኔ የማመሰግነው ሐኪሙን አይደለም» አለ እግሩን ዘርግቶ አዲሱን ጫማውን እያየ። «ይሄን የሠራውን ሰውዬ ነው። አይከብድም፣ ላባ በለው!»

ሎታር ሳይስቅ የራሱን ጫማ ማሰር ጀመረ።

የጣሪያው ጠብታ ቦርሳዎቹ ላይ መውረድ ሲጀምር ሩፐርት ሊያነሳቸው ተነሣ። የራሱን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ጥግ ወረወረው። የቡርጊን ሲስብ ግን ቦርሳው አልመጣም። ማንገቻው የሆነ ነገር የያዘው መስሎት ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም አልያዘውም። በሁለት እጁ አነሣውና አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት አካፋዎች፣ የሷና የሱ። በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው የሚፈለግባቸው ሁለት ተጣጣፊ ዘንጎች። ሻይ የሞላው ትልቁ ፔርሙዝ። የመጠገኛ ዕቃው፣ የመድኃኒት ከረጢቱ፣ የራሱ የሩፐርት ትርፍ ጓንት።

የራሱን ቦርሳ ከፈተ። ቦርሳው የሞላ እንዲመስል የተጠቀጠቀ የላባ ጃኬት፣ ከሥሩ አንድ ፖም።

ቡርጊ ጠዋት ጠዋት «አንተ መኪናውን አሙቅ፣ ዕቃውን እኔ አዘጋጃለሁ» ትለው ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለው ሎታርን በቀስታ።

ሎታር ቀና አላለም። «ግማሹን እኔ ልያዝልሽ ብያት ነበር። ይነቃብናል ብላ እምቢ አለች።»

ሩፐርት መጀመሪያ የመጣበት እፍረት ነው። ክረምቱን ሙሉ ጫማ ሲያመሰግን! ቀጥሎ የመጣው ግን ቀዝቃዛ ነገር ነው። ጠዋት ከቋጥኙ ሥር ያለውን አደገኛ ዳገት፣ ድሮ እሱ ራሱ እንዳስተማራት፣ ተራ በተራ ነው ያቋረጡት። እሷ ቀደመች። ሎታር ገና ከጫካው አልወጣም ነበር። በረዶው ቢናድባት ኖሮ ደረቱ ላይ ያሰረው የምልክት መሣሪያ ያለችበትን ይነግረው ነበር። አካፋው ግን እሷ ጀርባ ላይ ሆኖ አብሯት ይቀበራል። በምን ሊቆፍር ነበር? በጣቱ?

አንዱን አካፋ ሲያወጣ ብረቱ ጮኸ። ቡርጊ ዓይኗን ገለጠች። እጁን አየች፣ የተከፈቱትን ቦርሳዎች አየች።

«ተወው፣ ሩፐርት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ተወው አልኩህ። ደክሞኛል፤ ለጭቅጭቅ የሚሆን አቅም የለኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መውጣት ፈልገህ ነበራ» አለች። «መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለህ ተራራውን ስታይ ማየት አቃተኝ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣበት ነገር አጣ። አካፋውንና ዘንጉን፣ ፔርሙዙንና መጠገኛውን ወደ ራሱ ቦርሳ አዛወረና አንግቶ ተነሣ። ወደ ስኪዎቹ ጥቂት እንደተራመደ ልቡ ጆሮው ውስጥ መምታት ጀመረ። ሸክሙ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ጤነኛ ሰው የሚይዘው ነው። እሱ ግን ይህን ይዞ የት እንደሚደርስ ወዲያው ገባው። ተመልሶ ቦርሳውን አወረደና ተቀመጠ።

«እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።»

«እኔም እቆያለሁ» አለች ቡርጊ።

«አትቆዪም።»

«ሩፒ…»

«ፀሐይ አለ፣ ሻይ አለ። ምን እሆናለሁ? ሂጂ በቃ።»

 ከዚያ ቦርሳዋን አነገተች፤ ስኪዋ ላይ ወጥታ ጫማዋን ቀጭ አድርጋ አስያዘች።

ሎታር ቀደመ። እሷ መጀመሪያ ላይ በየጥቂቱ እየቆመች ወደ ኋላ ዞር ትል ነበር። ሩፐርት እጁን እያወዛወዘ፣ ሂጂ፣ ሂጂ ይላታል። ከጊዜ በኋላ መዞሩን ተወችው። ዳገቱ ሲጠነክር ወንድሟን ደረሰችበት፣ የሆነ ነገር ብላው አለፈችው።

ሩፐርት ፀሐዩን በእጁ ከለለ። እርምጃዋ ረጅም ነው፣ አይቸኩልም፣ ዱላዎቿ በረዶውን ነካ ብቻ ነው የሚያደርጉት። በዚህ ክረምት አንዳንዴ ከኋላዋ እየሄደ፣ እሷም አረጀች፣ እኩል ሆንን ብሎ አስቦ ያውቃል፤ ያሰበውም ትንሽ ደስ እያለው ነው።

ሎታር መታጠፊያው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እሷ ከሱ በላይ፣ ነጩ ላይ ብቻዋን፣ ሳትቆም ትወጣለች።