ፊትህን አዙር

«ሳሉ ተሻላት?» አለኝ ስልክ ጠጋኙ፣ ስልኬን ሠርቶ ሲመልስልኝ። «ተሽሏታል፣ ተመስገን» ብዬው ወጣሁ። እግሬ የተያዘው መታጠፊያው ላይ ስደርስ ነው። ልጄን ሳል እንደያዛት ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ማታ ከምትማርበት ከተማ ለእኔ ብቻ ጽፋልኝ ነው፤ ያውም «ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል» ብላ።

እኔ መቼም ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ መርዶ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይመስለኛል። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሄኛውን ግን ባገላብጠው ባገላብጠው ሌላ መልስ አጣሁለት። ተመለስኩ።

ስልክ ጠጋኙ ሱቁን ሊዘጋ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። የሞተ ስልክ ስለሚያስነሳ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ባለ ቁጥር ጓጉንቸሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ዳቦ ሻጯ ባዶ ቅርጫቷን ታቅፋ፣ ቻርጅ የተሰካ ስልኳ እስኪሞላ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች።

«ልጄን ሳል እንደያዛት ማን ነገረህ?»

እጁ መሳቢያው ላይ ይቀራል። እርስዎ ነዎታ፣ ይለኛል። እኔ አልነገርኩህም። እንግዲያው ሌላ ሰው ይሆናል፣ ይላል። ማን? ዓይኑ ሳያስበው ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ሄዶ ይመለሳል።

አምና ፓስወርዴ ጠፍቶብኝ፣ የልጄን መልእክት ማየት አቅቶኝ፣ እያለቀስኩ የመጣሁት እሱ ዘንድ ነበር። ከፈተልኝ፣ መርቄው ሄድኩ። አሁን በስንት ልመና ሲናገር፣ ያን ቀን ማረጋገጫ ኮዱ እንዲላክበት ያስገባው የራሱን ስልክ ቁጥር ነው። አካውንቴም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። የእኔ ብቻም አይደለም፤ የመንገዱ ሰው ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

ክፋት የለበትም ይላል። ነገ ሲጠፋባችሁ ማን ሊያወጣላችሁ ነው? መልእክት ሲገባ ድምፅ ያሰማል፣ ዓይንም ያርፍበታል፣ እሱም ሰው ነው። ደግሞ ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ አጎቷ ማለት ነው።

«አጎቷ ብትሆን ለአንተም ትጽፍልህ ነበር» እለዋለሁ።

ዳቦ ሻጯ በመዳፏ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ልጄ የጻፈችልኝ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣብኛል፤ የወደቀችው ፈተና፣ የወደደችው የዚያ ልጅ ነገር፣ ሐኪም ቤት የሄደችበት ቀን። እኔም የመለስኩላት፣ አባቷን ያማሁት። ይሄ ሰው በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» የሚለኝ ያን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው።

ቁጥርህን አውጣና የእኔን አስገባ፣ አካውንቴንም ከዚህ ኮምፒውተር ላይ ዝጋው፣ እለዋለሁ። ነገ ጠዋት ይምጡ ይላል፤ መሽቷል፣ ኔትወርኩም ደካማ ነው። የደንበኛ ወንበሩን ስቤ እቀመጣለሁ። መዝጋት ካማረህ እኔንም ጨምረህ ዝጋ፣ እለዋለሁ።

«ባለቤትዎን ልጥራ እንዴ?» ይላል፣ እንደ ቀልድ።

ባለቤቴ ከመጣ የሳሉንም፣ የዚያን ልጅ ነገርም፣ የራሱንም ሐሜት ሊሰማ ነው።

«ጥራው» እለዋለሁ።

አይጠራውም። ትንፋሹን ለቅቆ ኮምፒውተሩን ያበራል። ማረጋገጫው ለመጨረሻ ጊዜ እሱ ስልክ ላይ ይገባል። ቁጥሩን ያጠፋል፤ የእኔን ያስገባል፤ እኔም አንድ በአንድ እያነበብኩ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ ደርድሮ፣ አዲሱን ፓስወርድ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ሲጽፉ ይነጋል፣ ይለኛል።

«ራሴ እጽፈዋለሁ። አንተ ፊትህን አዙር።»

በጥፊ የመታሁት ያህል ያየኛል። «እትዬ፣ ሌባ አደረጉኝ?»

«ሌባ አላልኩህም። ፊትህን አዙር ነው ያልኩህ።»

ይዞራል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የስልክ ሽፋኖች ጋር ተፋጦ ይቆማል። በአንድ ጣት እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ አልቀበልም ይለኛል። እንደገና እጽፋለሁ፤ አሁንም አይቀበልም። ላብ ያጠምቀኛል።

«ቁጥር ይቀላቅሉበት» ይላል፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«አውቃለሁ» እለዋለሁ። አላውቅም ነበር። እቀላቅልበታለሁ፤ ይቀበለኛል። ዞሮ ይመጣና፣ እያየሁት አካውንቴን ከኮምፒውተሩ ላይ ይዘጋል።

ሲጠፋብዎት እንግዲህ ወደ እኔ እንዳይመጡ፣ ይላል። ከአሁኑ ጠፍቶብኝ ይታየኛል፤ ልጄ ታማ ስትጽፍልኝ፣ እኔ መክፈቻው ጠፍቶኝ ስንቆራጠጥ።

«ቢጠፋም እኔው ላጥፋው» እለዋለሁ።

ዳቦ ሻጯ ስልኳን ነቅላ ትነሳለች። «ዶክተር፣ የእኔም እዚያ ውስጥ ነው አይደል?»

መብራቱን ያጠፋል። ነገ ዳቦውን ሳላወርድ እመጣለሁ፣ ትለዋለች በጨለማው።

ሦስታችንም እንወጣለን። የላሜራ በሩን ጎትቶ ይገጥምና ጓጉንቸሩን ይሰካል። የተከፈተ ጓጉንቸር ቁጥሩ ይነበባል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ በትከሻው ይከልለዋል፣ በመዳፉም ይሸፍነዋል።

ማንም ሳይለኝ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ። ጓጉንቸሩ ቀጭ እስኪል እንደዚያው እቆማለሁ።