ቀጥ ብላ የማትቆም ድምፅ

ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። አራት ድምፆች ወደ ላይ፣ አንዲት አጭር ዕረፍት፣ ከዚያ ያቺ አስቸጋሪ ድምፅ። እዚያ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ዜማው እጁ ላይ ሞተ። ከኪቦርዱ የወጣው የበር ደወል የመሰለ ነገር ነበር።

ዜማው ርዝመቱ አርባ ሰከንድ ነው። የአንድ የሬዲዮ ትረካ መግቢያ ሲሆን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲያደርስ ተነግሮታል። አዘጋጇ የደቡብ ህንድ ዜማ፣ ካርናቲክ የሚሉት ዓይነት እንዲሆንላት ስትጠይቀው አፉን ሞልቶ ይቻላል ያለው ራሱ ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሠርግም በማስታወቂያም ያልተጫወተበት ቦታ የለም። ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚባለው።

ችግሩ ያቺ ድምፅ ናት። በዚያ ዜማ ቅኝት ውስጥ “ጋ” የሚሏት ሦስተኛዋ ድምፅ ቀጥ ብላ አትቆምም። ከታች ትነሳለች፣ ላዩን ነካ አድርጋ ትመለሳለች፣ ኑሮዋ መወዛወዝ ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ደግሞ ወይ ተጭነኸዋል ወይ አልተጫንከውም፤ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ማሙሽ ማንም ኪቦርድ ተጫዋች የሚያደርገውን አደረገ፤ መሣሪያው ራሱ ድምፁን እንዲያንቀጠቅጥ አዘዘው። መሣሪያው ታዛዥ ነው፤ በእኩል ፍጥነት፣ ያለ ዕረፍት አንቀጠቀጠ። ብርድ የያዘው ሰው እንኳን እንደዚያ አይንቀጠቀጥም።

ይህን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። በሚቀጥለው ክፍል ታላቅ እህቱ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት፣ ጎረቤታቸው ከነበሩት ህንዳዊት መምህርት ዘንድ እየተመላለሰች ጥርሷን የነቀለችበት ዜማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሕመሙ ዳነ፣ ድምፁ አልተመለሰም። አሁን የሚወጣት ሻካራ ሹክሹክታ ነው፤ ክፍል ውስጥም የምታስተምረው በማይክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ሲጀመር ተነስታ በር ትዘጋለች፣ እሱም በማዳመጫ ብቻ ይሠራል። ዛሬ ማዳመጫው ተበላሸበትና፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ በስፒከር ለቀቀው። “ነይና አሳዪኝ” ማለት ግን በቁስሏ እንጨት መስደድ ሆኖ ታየው።

አሥራ አምስተኛውን ሲጀምር በሩ ተከፈተ። እህቱ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆማለች። ድምፁን ሊቀንስ እጁን ሰደደ።

“ምን በድላህ ነው እንዲህ የምታሰቃያት?” አለችው።

“ማን?”

“ጋ።”

ሰዓቱ እንደደረሰበት ነገራት። ማን ቃል ግባ አለህ አለችው። ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው መሣሪያው እንደሆነ ሲነግራት ደግሞ፣ የሰነፍ ተማሪ መልስ እንዳነበበች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። እስቲ ድገመው አለችና በሩ ላይ እንደቆመች አዳመጠች። ሲጫወት በዓይኑ ጥግ አያት። እጇ ሳታውቀው ጭኗ ላይ ምት ትቆጥራለች፤ መጀመሪያ በመዳፏ፣ ከዚያ ከትንሿ ጣቷ ጀምራ አንድ በአንድ። ያንን እጅ ሲቆጥር ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደስ አለው፣ ፈራም።

በኪቦርዱ ግራ ጫፍ አውራ ጣት የምታህል መዘውር አለች። ወደ ላይ ሲገፏት የተያዘው ድምፅ ይወጣል፣ ወደ ታች ሲስቧት ይወርዳል፣ ሲለቋት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ማሙሽ ሦስት ቀን ታግሏታል፤ እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ ትቷታል። ወንበሩን ወደ ቀኝ ሳብ አደረገ።

“እትዬ፣ እኔ ቁልፉን ልያዝ፣ አንቺ ይቺን ያዢልኝ።”

“እኔ የናንተን መሣሪያ መቼ ነክቼ አውቃለሁ?”

“መሣሪያ አትበይው። ጉሮሮ ነው በይው።”

ካመለጠው በኋላ ምላሱን ነከሰ። ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ሙከራ መዘውሯን እስከ ጥጓ ገፋቻት፤ ጋ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸች። ሁለቱም ሳቁ፣ የእሷ ሳቅ ድምፅ የለውም። በሁለተኛው ደግሞ ፈራቻት። በሦስተኛው ማሙሽ መቅጃውን ከፈተና ከመጀመሪያው ጀመረ። አራት ድምፆች፣ አጭር ዕረፍት፣ ጋ። ከታች ተነሳች፣ ላዩን ነካች፣ አልቸኮለችም፣ ወረደች። ማሙሽ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ይህንን ድምፅ ያውቀዋል፤ በልጅነቱ የቤት ሥራውን የሚሠራው እሱን እየሰማ ነበር።

ዜማው የሚያልቀውም ጋ ላይ ነው፤ ስምንት ምት ይዞ መልቀቅ። ስምንቱ ምት አለፈ። ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን ጨፍናለች፣ አፏ ገርበብ ብሏል፤ ከሻሿ በታች ጉሮሮዋ ከመዘውሯ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አርባው ሰከንድ ካለፈ ቆይቷል፣ መቅጃው አሁንም ይሠራል፣ ቁልፉን የያዘው ጣቱ መደንዘዝ ጀምሯል። ቢያነሳው ድምፁ ይቆማል። አላነሳውም።