የማኅደር ሕመም

እንግዲህ በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ጥንድ አምባር ካጠለቁ፣ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ማኅደር የአእምሮ ጥርሷን ስትነቀል፣ ሕመሙን እናቷ ተዋበች ወሰደችላት። እብጠቱ ግን ልጅቷ ጉንጭ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ተዋበች በድንገት መንጋጋዋን ይዛ አቃሰተች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እየበላሽ ነው?»

«ቆሎ። እኔን እኮ ምንም አላመመኝም።»

ከንፈሯ ላይ ደም ነበር። ተዋበች ደሙን አየችና ቁስሉ እንዲህ ሆኖ እንደማይድን ገባት። እያመነታች አምባሯን አወለቀች።

ማኅደር ጉንጯን ይዛ ቁጭ አለች፤ እንባዋ ወረደ።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ችለሽ ነው ሾርባ የሠራሽልኝ?»

«አታውሪ የኔ ልጅ፣ ይብስብሻል» አለች ተዋበች። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ጉንጯ ላይ ያዘችላት። ከዚያ በላይ የምትወስድላት አልነበረም።