የካሳሁን መርዶ

"ዝም በል ልጄ... እሳቸው እንዳይሰሙ!"

እትዬ አለሚቱ የእንግዳውን አፍ በእጃቸው ያዙት።

እንግዳው ኢዘዲን ይባላል። የሐራ ልጅ ነው። በክራንች እያነከሰ ውርጌሳ፣ እነ ካሳሁን ደጅ የደረሰው ገና አሁን ነው።

ያለውም "የካሳሁን ጓደኛ ነኝ፤ አብረን ዘምተን ነበር..." ብቻ ነው።

ካሳሁን የእትዬ አለሚቱ አንድያ ልጅ ነው። ከመዝመቱ በፊት መርሳ ላይ ጎማ ይጠግን ነበር። ግንባር ላይ ደግሞ ሥራው ቁስለኛ ማንሳት ነበር።

ከሞተ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል...

"አውቃለሁ" አሉ እናቱ በሹክሹክታ። "መርሳ ገበያ አንዲት ሴት የሰማሁ መስሏት 'እግዜር ያጽናሽ' አለችኝ። ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም። ለአባቱ ለጋሽ ደሞዜ ግን አልነገርኳቸውም። ልባቸው ታማሚ ነው... ከሰሙ ይሞቱብኛል።"

"ታዲያ ስለ ልጃቸው ሲጠይቁ ምን ይሏቸዋል?"

"ደወለ እላቸዋለኋ! ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን አወራለሁ። 'በልተሃል ወይ? ብርዱስ እንዴት ነው?' እላለሁ..."

ወደ በሩ ገልመጥ አሉና...

"አንዳንዴ የሚመልስልኝ ይመስለኛል።"



ይሄኔ ጋሽ ደሞዜ ከውጭ መጡ። የልጃቸው ጓደኛ መሆኑን ሲሰሙ አገላብጠው ሳሙት። "ና እስቲ፣ ማሽላችንን ላሳይህ" ብለው ይዘውት ወጡ።

ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። መሃሉ ሲደርሱ ሽማግሌው ቀጥ አሉ።

"ልጄን የት ቀበራችሁት?"

ኢዘዲን በክራንቹ ተደግፎ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ያ... ያውቃሉ?"

"ገና ድሮ! የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶ ሊያረዱን ሲነሱ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።"

"ለምን አባቴ?"

"ለእሷ ፈርቼ ነዋ! ከሞተ ልጅ ጋር በስልክ ታወራለች እኮ። መርዶውን ከሰማች ጭራሽ ታብድብኛለች ብዬ... 'ሰላም በይልኝ' እላታለሁ።"

ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ።

"አንዳንድ ቀንማ... እኔም በሩ ጥግ ቆሜ ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን እጥላለሁ።"

ምሳ ቀረበ። ሦስቱም አንድ ትሪ ከበቡ።

"ካሳሁን ዛሬ ደወለ?" አሉ ጋሽ ደሞዜ።

"ጠዋት ደውሏል። ደህና ነኝ ብሏል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን..."

ኢዘዲን ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው።

"ወላሂ ከዚህ በላይ አልችልም! ሁለታችሁም ታውቃላችሁ... ሁለታችሁም!"

ባልና ሚስት ተያዩ...

"አንቺም?"

"እርስዎም?"

ከዚያ በኋላ የወጣውን ጩኸት የውርጌሳ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ጎረቤት ተሰበሰበ። ድንኳን ተጣለ። ካሳሁን በሞተ በዓመት ከአራት ወሩ ተለቀሰለት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አለሚቱ ኢዘዲንን አጠገባቸው አስቀመጡት።

"እንዴት ሞተ?"

"ሁለት ቁስለኛ አንድ በአንድ አቅፎ ከተኩሱ መሃል አወጣ። 'ይበቃል' ብንለው እምቢ አለ። ለሦስተኛው ሲመለስ ተመታ..."

"ያወጣቸውስ ተረፉ?"

"የመጀመሪያው መንገድ ላይ ሞተ። ሁለተኛው..."

ኢዘዲን አንገቱን ደፋ።

"ሁለተኛው እኔ ነኝ እናቴ። 'በልጄ ፋንታ አንተ ተረፍክ?' እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሁለት ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቼ ከደጃችሁ ተመልሻለሁ። ዛሬም የእሱ ትንፋሽ ጆሮዬ ስር ይሰማኛል።"

እትዬ አለሚቱ የተጎዳውን እግሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ መጨረሻ ላይ ያቀፈው አንተን ነው... ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?"

ወገኖቼ... ሦስት ሰው ለአንድ ካሳሁን ለየብቻው አለቀሰ። እናት ለአባት፣ አባት ለእናት ብለው ደበቁ፤ ጓደኛው በፍርሃት ሸሸ። ሐዘንን ከምንወደው ሰው ስንደብቅ፣ እሱንም ራሳችንንም ያለ አጽናኝ እናስቀራለን።

እናንተ በኢዘዲን ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ቀን ምሳው ላይ እውነቱን ታወጡት ነበር... ወይስ ዝም ብላችሁ ትሄዱ ነበር?

ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።