ሐኪሙ ያላየው ቁስል

ፈዋሹ ክትባት ከመጣ ወዲህ በሰው ገላ ላይ ቁስል ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። ስመኝ የሂሳብ መምህርት ናት፤ ሲጨንቃት የግራ ክንዷን እስኪደማ ትቧጭራለች። ደሙን ጠርጋ ጥቂት ስትቆይ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሶ ታገኘዋለች። ባለፈው ወር ስለዚሁ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ክንዷን አገላብጦ አየና «ጤነኛ ነሽ» ብሎ ሸኛት።

ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ እህቷ ትርሲት ልብስ በማጠብ ልታግዛት መጣች። ሸሚዞቹን ስትዘፈዝፍ የአምስቱም ግራ እጅጌ በውስጥ በኩል ደም ደርቆበት አገኘችው።

«ይሄ ደም የማን ነው?»

«የኔ።»

ስመኝ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት። ትርሲት ፈልጋ ፈልጋ ጭረት እንኳ አጣች።

«እኔው ነኝ የምቧጭረው፣ እትዬ። እማዬ ካረፈች ጀምሮ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን አሳይቼሽ?»

ይህን እያለች ጣቶቿ ሳታውቀው ወደ ክንዷ ሄዱ። ትርሲት ሳሙና የነካ እጇን ሳትጠርግ ያዘቻቸው። አልተቆጣቻትም።

«ስትቧጭሪ ምን ይሰማሻል?» አለቻት።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ለትንሽ ጊዜ ቀለል ይለኛል። ቁስሉ ሲጠፋ ግን ያመመኝም ነገር ውሸት ይመስለኛል። ስለዚህ እንደገና እጀምራለሁ።»

«ውሸት አይደለም» አለች ትርሲት።

የስመኝ ጣቶች በእህቷ መዳፍ ውስጥ አላርፍ ብለው ይፍጨረጨሩ ነበር። ትርሲት ግን አልለቀቀቻቸውም፤ በእግሯ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።