የራንገል ዋልነት

ቱሪስቱ ማንኪያዬን ከአፉ አወጣና ፊቱን አጨማደደ። ጉንጩ ሙሉ ነው፤ አይውጥ፣ አይተፋ። ከባሌ መቃብር ራስጌ ቆሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ዋጥ!» አልኩት። «ምን ያስለቅስሃል? መርዝ አላጎረስኩህ!»

ቋንቋችንን አያውቅም፤ ቁጣዬን ግን አወቀ። ዋጠው። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ መላ ሰውነቱን ሰቀጠጠው።

አንጀቴ አረረ። ጠዋት ከመካነ መቃብሩ በር ጀምሮ ሳየው ነበር። የሙታን ቅዳሜ መሆኑን ማን ይንገረው? ሴቶቹ በየዘመዳቸው መቃብር ላይ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ሲያቀምሱ አይቶ የምግብ ባዛር መስሎታል። እዚህ አይብ በስስ ሊጥ የተጠቀለለበት ባኒጻ፣ እዚያ የዱባ፣ ወዲያ ደግሞ ማር የተቀባ ዳቦ፤ እየጎረሰ ያቺኑ የሸመደዳትን «በጣም ይጣፍጣል!» እያለ ይዞራል። ሰዉ መሳቂያ አደረገው። የሟች ዝክር በልቶ «ይጣፍጣል» ይባላል? ያም ሆኖ ወደ እኔ ሲመጣ ደስ አለኝ። ከእኔ ድስት እስካሁን የቀመሰ ሰው አልነበረማ!

ባሌ ራንገል ከሞተ የመጀመሪያው የሙታን ቅዳሜ ነው። ሰው ይቀምሳል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ያ ለሟቹ ይደርሰዋል። ማንም ካልቀመሰለት እዚያ ማዶ ጦሙን ይውላል። የዝክሩን የስንዴ ንፍሮ ሌሊት ተነስቼ ነው የቀቀልኩት፤ ስኳሩንም አልሰሰትኩም። የመንደሩ ሰው ግን አጠገቤ ሲደርስ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። ለምን አልልም፤ አውቃለሁ። ራንገል ከዋልነታችን ዛፍ ሥር አንዲት ቅርፊታም ፍሬ ያነሳን ልጅ በዱላ የሚያባርር ሰው ነበር።

«ነፍስ ይማር በል» አልኩት ቱሪስቱን፣ መስቀሉን በጣቴ እያሳየሁ። «ነፍስ። ይማር።»

«በጣም ይ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መዋሸት አቃተው መሰለኝ። «ነፍስ ይማር» አለ በተሰባበረ አንደበት።

እፎይ! አንድ ሰው አገኘህ፣ ራንገል። ማንኪያውን ደግሜ ሞላሁለት። ቱሪስቱ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ኧረ ፔና፣ ሰውዬውን ልትገድይው ነው!»

ዝላቲና ናት፣ ጎረቤቴ። የእናቷ መቃብር ከራንገል ጎን ነው። ጠዋት ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ አሁን ሳቋን መያዝ አቅቷት መጣች።

«የባዕድ ሆድ ነው፤ ንፍሮ መች ያውቃል!» አልኳት።

«እንዴ፣ የእኔን ደጋግሞ በልቷል እኮ!» ከድስቴ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጣል አደረገች። ወዲያው እትፍ! ሣሩ ላይ። ምላሷን በመሐረቧ ጠረገች። «በስመ አብ! ምንድን ነው የጨመርሽበት?»

«እንደ ሰው ሁሉ ነዋ! ስኳር፣ ዋልነት...»

«ዋልነቱ ገምቷል፣ አንቺ ሴትዮ! የየት ዘመን ነው?»

«የራንገል ነው። ጣሪያው ሥር ካለው ጆንያ።»

«ያ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ የለም እንዴ?»

«አሮጌው ሳያልቅ አዲስ አይነካም» አልኩ።

ከአፌ ይውጣ እንጂ የእኔ ቃል አይደለም። ራንገል ነበር እንዲህ የሚለው። አሮጌው እስኪያልቅ ደግሞ አዲሱ አርጅቶ ይጠብቀናል። ከሰው እጅም እንድቀምስ አይፈቅድም፤ የተቀበለ መመለስ አለበት ይላላ፣ ቋጣሪ! ለበዓልም ለዝክርም አይለቀኝም። አርባ ዓመት እንዲህ በላን። እሱ ሞቶ የጣሪያ ሥሩ ክፍል ቁልፍ ኪሴ ገብቶ እንኳ አዲሱን ጆንያ መክፈት በሐሳቤ አልመጣም። ዋልነት ማለት እንዲህ የሚመር ነገር ነው ብዬ ኖርኩ።

ዝላቲና አየችኝ። ሳቋ ጠፋ። ወደ እናቷ መቃብር ሄዳ አንድ ቁራጭ ባኒጻ ይዛ ተመለሰችና፣ እምቢ ከማለቴ በፊት አጎረሰችኝ።

ስስ ሊጥ፣ ስኳር፣ ከዚያ ዋልነቱ። አይመርም። ጉሮሮ አይቧጥጥም። ቅቤ ቅቤ ይላል። ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ቤት፣ ይህን ጣዕም አውቀው ነበር።

ያ ሁሉ ዓመት ተመልሶ መጣብኝ፤ የጆንያው ሽታ፣ እሱ ፍሬ እየቆጠረ ሲሰጠኝ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳኝክ። ራሴን ቀፈፈኝ።

ዝላቲና ድስቴን አየች፣ መስቀሉን አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

«የልጄን ጀርባ በዱላ ያሳበጠ ሰው ነው» አለች። «ቢሆንም ከሙት ጋር ምን ቂም አለኝ? ነፍስ ይማር እለዋለሁ። በይ ግን፣ አንቺ ቅደሚ።»

«እኔ?»

«ሚስቱ አይደለሽ? ጠዋት ሙሉ ሰው እንዲልለት ስትለምኚ ሰማሁሽ። አንቺ ስትይ ግን አልሰማሁም።»

እውነቷን ነው። ወደ መስቀሉ ዞርኩ፤ አፌን ከፈትኩ። የባኒጻው ጣዕም ገና ምላሴ ላይ አለ። ቃሉ አልወጣ አለኝ።

እንደገና ሞከርኩ። እምቢ አለ።

ቱሪስቱ ይህን ሲያይ ቃሉ የጠፋብኝ መሰለው። ጠጋ አለኝና ለሕፃን እንደሚያስጠና ሰው ቀስ ብሎ «ነፍስ» አለኝ።

አፍ አፌን እያየ በጣቱ መስቀሉን አሳየኝ።

«ይማር።»